ምብሩካ የተናገረችው

«እናቴ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አፉ የሷ ነው፣ ቃሉ ግን የሌላ ሰው ነው» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ ዱጃ።

ሻዝሊ ይህን የሰማው ከሠራተኞች ሻይ ቤት በር ውጭ ቆሞ ነበር። በአንድ እጁ ስሙ የተቀረጸበትን የመዳብ ሰሌዳ፣ በሌላው በወረቀት ሳሕን የተረፈ ኬክ ይዟል። ሽኝቱ ካለቀ ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላውም። ሁለተኛ ፎቅ ባለው አዳራሽ አርባ ወንበር ተደርድሮ ሃያ ስድስት ሰው ተገኝቷል፤ መቁጠር ልማዱ ስለሆነ ቆጥሯል። ኃላፊው ቱኒስ በሚገኘው የመንግሥት ቴሌቪዥን ስላገለገለባቸው ሠላሳ አራት ዓመታት ተናገረ፤ ከዚያ መጋረጃው ተዘግቶ ከሠራቸው ዘጋቢ ፊልሞች የተቀነጨበ አሥራ አንድ ደቂቃ ታየ። ጨው አምራቾቹ ታዩ፣ የቀርቀና ደሴት ዓሣ አጥማጆች ታዩ፣ በመጨረሻ በተራራው ላይ ካለው ከሰጅናን መንደር ሸክላ ሠሪዋ መጣች። ሴትዮዋ ጭቃዋን እያድበለበለች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ በላዩ የዜና አንባቢው ጎርናና ድምፅ በመጽሐፍ ዐረብኛ «ይህን ጭቃ የሚያበጀው እጄ አይደለም፤ የአያቶቼ ነፍስ ነው» ይላል። ሰው አጨበጨበ። ሻዝሊም ደስ አለው። ዐረፍተ ነገሩን የጻፈው ራሱ ነበር፣ የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት፣ ከዋናው ፖስታ ቤት ጎን ባለች ቡና ቤት ተቀምጦ፣ ሦስት ጊዜ ሰርዞ።

ከውስጥ ሁሉም ዓም፣ ማለትም አጎቴ፣ የሚሉት የሻይ ቤቱ ሰው የዓም ቱሃሚ ድምፅ ተሰማ። «ምን ታደርጊዋለሽ ልጄ፣ ቴሌቪዥን ላይ የወጣ ገበሬ ሁሉ ሊቅ ነው። የኔንም አጎት አንድ ጊዜ አንስተውት ነበር። ቀኑን ሙሉ የስንዴ ዋጋ ሲራገም ዋለ፤ በቴሌቪዥን ስናየው ስለ ንጋት ውበት ያወራል። አክስቴ መቼ ነው እንዲህ ማውራት የጀመርከው ብላ ሳምንት ኮረፈችው።»

ዱጃ አልሳቀችም። ሻዝሊ ወደ ክፍሉ መመለስ ይችል ነበር፤ ዕቃውን በካርቶን አድርጎ ጨርሷል፤ ቁልፉን ማስረከብ ብቻ ነው የቀረው። ኬኩ ላይ ያለው ክሬም በሰኔ ሙቀት መንሸራተት ጀምሯል። በክርኑ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። ሁለቱም ብድግ አሉ። ዱጃ ሰማያዊ ሽርጧን እንደታጠቀች ነው፤ ወደ አርባ የተጠጋች፣ ቀጠን ያለች፣ ስትሄድ ድምፅ የሌላት ሴት ናት። አሥራ አንድ ዓመት ቢሮውን አጽድታለች። ጠረጴዛው ላይ ያለ ወረቀት ሳትነካ ዙሪያውን ብቻ እንደምትወለውል ያውቃል፤ ጠዋት ከሌሎቹ ቀድማ እንደምትገባ ያውቃል። በሦስት ጥያቄ የማንንም ሰው ትውልድ እስከ አያቱ የሚያወጣጣ ሰው የዚችን ሴት አገር ጠይቆ እንደማያውቅ ግን አሁን ገና ታወቀው።

«የሰጅናኗ ሴት እናትሽ ናት?» አላት።

«ምብሩካ ትባላለች።» ይቅርታም አልጠየቀች፣ ዐይኗንም አልሰበረች። ብርጭቆ ልትሰበስብ አዳራሽ ስትገባ ነበር ያየቻት። ፊልሙ ያኔ ሲተላለፍ መንደሩ መብራት ስላልነበረው ማንም አላየውም፤ ማን እንዳነሣውም አታውቅም ነበር። የምታስታውሰው መኪናው፣ ባለ ጃንጥላው ሰውና ልጆች ካሜራው አጠገብ እንዳይደርሱ መባረራቸው ነው። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ዓም ቱሃሚ ጆሮው እዚሁ ቀርቶ እጁ ሻይ መቅዳቱን ቀጠለ። ዱጃ ከግድግዳው ጋር ተጠግታ፣ እያንዳንዱን ነገር ለብቻው እያስቀመጠች፣ ቀስ ብላ ተናገረች። እናንተ በሄዳችሁ ባራተኛው ቀን ከቱኒስ አንድ ሰው መጥቶ ለቤት ሠራተኝነት ወሰደኝ፤ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ገባሁ፤ ከዚያ ወዲያ እናቴን ሁለት ዒድ ብቻ አየኋት፤ በሦስተኛው ክረምት ሞተች አለችው። ስትልከኝ አላለቀሰችም፣ ምንም አላለችም፤ ሰው ሸጠቻት ሲል እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

«እናቴ ሁለት ቃል የማትናገር ሴት ነበረች» አለች፣ በአገሩ ደንብ «ሲ» እያለች እያከበረችው። «ያን ቀን ግን ለእርስዎ ስታወራ፣ ስታወራ በበሩ ቀዳዳ አየኋት። ድምፁ ወደኔ አልመጣም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፣ ሲ ሻዝሊ። ስለ ሸክላ ነው ያወራችው? ወይስ የኔን ስም አንሥታለች?»

ሻዝሊ በሥራው ምክንያት ብዙ ሰው አስለቅሷል፤ ሰው ሲያለቅስ ዝም ማለትንም ያውቅበታል። አሁን ግን የሚያለቅስ አልነበረም፤ መልስ የሚጠብቅ ነበር እንጂ። አላስታውስም አላት። ከዚያ የመዳብ ሰሌዳውን ማቀዝቀዣው ላይ አስቀምጦ፣ ኬኩን ለዓም ቱሃሚ ሰጥቶ፣ ተከተይኝ ብሎ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ።

የፊልም ማከማቻውን የያዘችው ራውዳ ክረምት ከበጋ ሹራብ ትለብሳለች፤ ክፍሉ ለፊልሞቹ ሲባል ቀዝቃዛ ነው። ሃያ አምስት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ከሽኝቱ የቀረችውም ሲሸኝ ማየት አልፈልግም ብላ ነው። የፈለገውን ነገራት። የፊልሙን የመዝገብ ካርድ ከመሳቢያው ለማውጣት ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም፤ መነጽሯን አውልቃ፣ መልሳ አድርጋ አነበበችው። ምስሉ አለ፤ በቴሌቪዥን የተላለፈው ብቻ ሳይሆን ሳይቆረጥ በፊት የተቀረጸው ሁሉ፣ አሥራ ሁለት የፊልም ቆርቆሮ። ድምፁ ለብቻው የተቀዳበት የቴፕ ክር ግን የለም። ካርዱን አዙራ አሳየችው። በጀርባው «ስድስት የድምፅ ክር፣ ተጠርጎ ለሌላ ሥራ እንዲውል የተመለሰ» ይላል፤ ቀኑ አለ፣ ከሥሩም የራሱ ፊርማ፣ ያን ጊዜ እንደሚፈርመው ጭራው ወደ ላይ የተቀለበሰ።

ነገሩ ወዲያው መጣለት። ያኔ የክር እጥረት ነበር። ስድስት የመለሰ ሦስት አዲስ ይሰጠው ስለነበር ሻዝሊ አንድም ሳያስቀር፣ እያንዳንዱን በቁጥር፣ ፊልሙ በተላለፈ በማግሥቱ ይመልስ ነበር። የገጠር ሰው አነጋገር በቴሌቪዥን አይተላለፍም ነበርና ድምፁን አስቀምጦ ምን ሊሠራበት፤ እንዲህ ብሎ በጽሑፍ የከለከለ ማንም የለም፣ ግን አይተላለፍም። በላዩ የሚነበበው ንባብ ከተጻፈ በኋላ ከሥሩ ዋሽንት ይገባል፣ ሥራው አለቀ። አመላለሱን አይተው አለቆቹ ለሌሎች ምሳሌ አድርገውት ነበር።

«ከሁሉም የበደልከኝ አንተ ነህ» አለች ራውዳ፣ ካርዱን ሳታስቀምጥ። «ያ ዝርክርኩ ባልደረባችን ላዝሀር፣ አላህ ይማረው፣ ክሩን ሁሉ በየመሳቢያው ጥሎት ሞተ። ዛሬ የሱ ሰዎች ሲያስሉ እንኳ እሰማለሁ። የአንተ ሰዎች ግን አንድም ድምፅ የላቸውም። ሁሉም የዜና አንባቢ ናቸው።»

ሻዝሊ ወደ ዱጃ ዞረ። የክሩ ነገር አይገባት ይሆናል ብሎ ሊያብራራላት ሲጀምር፣ ገብቶኛል አለችው። ጠፍቷል፣ ያጠፉትም እርስዎ ነዎት፤ ገብቶኛል። ፊቷ ላይ ቁጣ ሊፈልግ ሞክሮ አላገኘም፤ ዐይኗ ቆርቆሮዎቹ ላይ ነበር።

«ምስሉ ፊቷን ያሳያል?» አለችው። «ሙሉ ፊቷን፣ ሳይቋረጥ?»

ያሳያል። ይኼን ያውቀዋል። በቴሌቪዥን ላይ ከአሥር ሰከንድ በኋላ ወደ እጇ ቆርጦ ሄዷል እንጂ ቀረጻው ላይ ካሜራውን ከፊቷ አላስነሣም ነበር።

«እንግዲያው አክስቴ ታየዋለች» አለች ዱጃ። «አክስቴ ተርኪያ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። አፍ ማንበብ የተማረችው በእናቴ አፍ ላይ ነው።»

ራውዳ ቅጂ ለማውጣት የክፍል ኃላፊ ፊርማ ያስፈልጋል አለች። ሻዝሊ ሰዓቱን አየ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ የክፍል ኃላፊ እኔ ነኝ አላትና ፈረመ። ቆርቆሮውን ፈልጎ ማውጣትና ከማሽኑ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ሁለት ሰዓት ወሰደ። ዱጃ በመሃል ወጥታ የቀራትን ደረጃ ወልውላ ተመለሰች። ሻዝሊ ለሚስቱ ደወለ። ነዚሃ ለዚህ ቀን ብላ ዓሣ ገዝታለች፣ ልጆቹም ለምሳ ሊመጡ ነው። እናንተ ብሉ፣ እኔ ወደ ማታ ነው የምመጣው አላት። «ዛሬም» አለች ነዚሃ። እንደ ወትሮው እሷ ናት ቀድማ የዘጋችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ዱጃ ሽርጧን ለውጣ፣ ረጅም ቀሚስና የተተኮሰ ሻሽ አድርጋ ከኋላ በር ወጣች። በሜትሮ ባቡር ሄዱ። ታክሲ ልጥራ ቢላት ለምን ብላ አየችው፤ በየቀኑ የምትመላለስበት መንገድ ነው። ሰው ተጨናንቋል፤ ሻዝሊ ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ እሷ ብረቱን ይዛ፣ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ጎን ለጎን ቆሙ። ሲወርዱ ከጋሪ ላይ ግማሽ ኪሎ ቃሪያ ገዛች። ባለጋሪው ኪሎው ሁለት ዲናር ነው ሲላት ትናንት አንድ ዲናር ከስምንት መቶ ሚሊም ነበር ብላ ሞገተች፤ ትናንትና ትናንት ነው እህቴ አላት፤ በመጨረሻ በትናንቱ ዋጋ ሸጠላትና አንድ ቁራጭ ዱባ ጨመረላት። ሻዝሊ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ በዐይኗ አስቆመችው። ከዚያ ዳገቱን ወጡ። ቤቶቹ አንዱ ባንዱ ጫንቃ ላይ የተሠሩ፣ ከሲሚንቶ ልስናቸው በላይ ቀለም ያልተቀቡት የሚበዙ ናቸው። ከነዚህ ቤቶች ዝቅ ብሎ ካለ ሠፈር እ.ኤ.አ. በዘጠና ሁለት ስለ ውኃ ቧንቧ ፊልም ሠርቶ ነበር፤ በዚያም ላይ የሚናገረው ያው የዜና አንባቢ እንደሆነ እየወጣ አሰበ። ጉልበቱን አመመው፣ ግን አልቆመም።

በሩ አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው። ዱጃ ስትገፋው ውስጥ ጣራው ላይ ያለው አምፖል በራ፤ ለአክስቷ ብላ ያሠራችው ደወል ነው። ክፍሉ ጠባብና ንጹሕ ነበር፤ ሁለት ፍራሽ፣ ጨርቅ የለበሰ ቴሌቪዥን፣ መደርደሪያ ላይ አራት የሰጅናን ሸክላ ሳሕኖች። ከሳሕኖቹ አንዱ ተሰብሮ በሽቦ ተሰፍቷል። ተርኪያ የበግ ቆዳ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ስልሳ አምስት ዓመት አልፏታል፤ አገጯ ላይ ያለው ንቅሳት ከመጨማደዱ ጋር ተቀላቅሎ አረንጓዴ ጭረት ብቻ ሆኗል። እንግዳውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ሻዝሊ ሰላምታ ሰጣት፤ አላህ ጤና ይስጥሽ እናቴ አላት። ተርኪያ ወደ ዱጃ ዞረችና፣ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ተናገረች።

«ይኼ ሰውዬ አፉን ምንጣፍ አልብሶታል። ምን እንደሚል በምን ልወቅ? ወይ ይላጭ፣ ወይ አንቺ ንገሪኝ።»

ሻዝሊ ጢሙን በእጁ ነካ። ዱጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ከዚያ አክስቷ ፊት ተንበርክካ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ በከንፈሯ ብቻ ረዥም ነገር ነገረቻት። የተርኪያ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ። ስለ ምብሩካ በዚህ ቤት አይወራም ነበር፤ ዱጃ መንገድ ላይ ነግራዋለች። ሁለቱ ሴቶች አሥራ ስምንት ዓመት አብረው ሲኖሩ አንዷ ሌላዋን ጠይቃ አታውቅም። ዱጃ አክስቷ የምታውቀው ነገር አለ፣ እኔን ላለማስከፋት ደብቃ ነው ትል ነበር። አሁን ተርኪያ ትሪውን ወደ ጎን ገፋ አደረገችውና ግድግዳውን እያየች ተናገረች። «ምንም አላውቅም። በዚያ ሳምንት እህቴ ፊቷን አዞረችብኝ። ስትጋግር ፊቷን ወደ እሳቱ፣ ስትሠራ ወደ ጭቃው። እኔ ፊት ካላየሁ አልሰማም፣ እሷም ታውቃለች። በሕይወቷ እንዲህ አድርጋኝ አታውቅም። አንቺ ስትሄጂ ነው ምክንያቱ የገባኝ፤ ያን ጊዜም ዞራ አላየችኝም።»

ሻዝሊ ላፕቶፑን ዝቅ ባለችው ክብ ጠረጴዛ ላይ አኖረ። ብርሃኑ እንዳያንጸባርቅ ዱጃ መስኮቱን በአልጋ ልብስ ጋረደች። ሦስቱም ፍራሹ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ተርኪያ መሃል ሆነች። ምስሉ ያለ ድምፅ ጀመረ። መጀመሪያ የሻዝሊ የራሱ እጅ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ይዞ ታየ፣ ወጣት እጅ ነው፤ ከዚያ ወጣ። ምብሩካ ቀረች። ከአዳራሹ ምስል ይልቅ ቀረብ ያለች፣ ዐይኗ ከካሜራው ትንሽ ወደ ጎን፣ ወደሚጠይቃት ሰው የሚያይ፣ ከተርኪያ ጋር አንድ ዓይነት ግንባር ያላት፣ ያን ጊዜ ከዛሬዋ ዱጃ በዕድሜ የምታንስ ሴት ናት። ተርኪያ እጇን አንሥታ አየር ላይ አቆመችው። ከእህቷ ከንፈር ያነበበችውን መናገር ስትጀምር ድምፅዋ ወርዶ ነበር፤ እንደዚያ ዝቅ ማለት እንደምትችል ዱጃም አታውቅም ኖሮ፣ ዘወር ብላ አየቻት።

«ከእናቴ ነው የተማርኩት፤ ሌላ ከማን እማራለሁ... ጭቃው ከወንዙ ማዶ ነው... አጎነበሰች፣ አይታይም... ከቱኒስ ነህ አይደል። የኔም ልጅ ወደዚያ ልትሄድ ነው። ሐሙስ ሰውየው ይመጣል።»

ዱጃ አልተንቀሳቀሰችም። ምብሩካ በክንዷ አፏን ጠረገች፣ ጭቃ ጉንጯ ላይ ቀረ። ተርኪያ ያመለጣትን አልፋ ቀጠለች። «...የመንገዱን ስም ነግሮኝ ነበር፣ ጠፋብኝ። ጥርስ ሐኪም ነው ብሏል። ጥርስ ነቃይ መቼም ብዙ አይኖርም፣ ጠይቀህ ታገኘዋለህ። አንተ ትጽፋለህ፣ ጻፍልኝ። ጨለማ ትፈራለች፣ በር እንዳይዘጉባት። ስትፈራ ሌሊት ሽንት ያመልጣታል፣ በዚህ እንዳይመቷት። ዳቦ ትደብቃለች። ሌባ አይደለችም። ለወንድሟ ነው የምታስቀምጠው። ወንድሟ ዐምና ሞቷል፤ እሷ ግን ማስቀመጡን አልተወችም፣ እኔም ተይ አላልኳትም።»

ሻዝሊ ምስሉን ላቁመው ብሎ እጁን ሲዘረጋ ዱጃ አንጓውን ያዘችው። ዐይኗን ከምስሉ ሳታነሣ፣ የጥርስ ሐኪሙ ሚስት ከፍራሼ ሥር ዳቦ አግኝታ ሌባ ብላ ስም አወጣችልኝ፣ አሥር ዓመት በዚያ ስም ጠሩኝ አለች። ለማን እንደምትናገር አይታወቅም ነበር።

«አልሸጥኳትም» አለች ተርኪያ፣ ከእህቷ አፍ ጋር እኩል። «ሰው እንደዚያ ይላል። በሚመጣው ክረምት እዚህ ቤት የሚበላ የለም፤ እዚያ ይኖራል። ይኼው ነው... በበራቸው ስታልፍ እያት። ግባ አላልኩህም። ቆማ ካየሃት፣ ቀይ ልጅ ናት፣ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት፣ እያትና እለፍ። የሚያያት ሰው እንዳለ ልወቅ... እሺ አልክ። አላህ ወላጆችህን ይማርልህ።»

ምብሩካ ወደ ጭቃዋ አጎነበሰች። ለጥቂት ሰከንድ ሻሿ ብቻ ታየ፣ ከዚያ ምስሉ ጠቆረ። ጠቅላላው አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነበር። ከግቢው የጎረቤት ሴት ባልዲ ስትሞላ ይሰማል። ተርኪያ ወደ ሻዝሊ ዞረችና ጢሙን ረስታ አፉን ትክ ብላ አየችው። ምን ብለህ ነው እሺ ያልካት? አለች።

ሻዝሊ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የታየው። ድምፁ ሳይሆን የራሱ አንገት ትዝ አለው። «ምንም አላልኳትም» አለ። ዱጃ በከንፈሯ እንድታስተላልፍለት ቀስ ብሎ ተናገረ። በዚህ ሥራ ጠያቂ የሆነ ሰው ድምፅ አያወጣም፤ ድምፁ ከተናጋሪው ድምፅ ላይ ስለሚቀረጽ ያበላሻል። ስለዚህ አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፤ ሰውየውም እየተሰማሁ ነው ብሎ ይቀጥላል። ለጨው አምራቹም ይነቀንቃል፣ ለሚኒስትሩም ይነቀንቃል። እየነቀነቀ የሚያስበው ስለ ብርሃኑ ነው፣ ስለ ቀረው ፊልም ነው። ለወጣቶቹም ሃያ ዓመት ይህንኑ አስተምሯል። «ነቀነቅኩላት። እንዳታቆም ብዬ ነው። ምን እንዳለች አልሰማሁም፣ ዱጃ። አጠገቧ ነበርኩ፣ ከዚህ እስከዚያ ግድግዳ እንኳ አይሆንም፤ አልሰማሁም።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፉ ውስጥ ነበር፤ ግን የተዘጋጀ ንባብ መሰለው። ዱጃ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ቅንድቧ ላይ፣ አሥራ አንድ ዓመት ያላየው፣ ነጭ ጠባሳ አለ።

«ስለዚህ እሺ ብሎኛል ብላ ነው የኖረችው» አለች። «ሁለቱንም ዒድ ስሄድ ጠይቃኛለች። በቤታችሁ በር ሰው ያልፋል ወይ አለችኝ። ብዙ ሰው ያልፋል አልኳት፤ ከተማ ነው ብዬ። ደስ አላት። ለምን ደስ እንዳላት አልገባኝም ነበር። ተኝታለች ማለት ነው፣ ሲ ሻዝሊ። እነዚያን ሦስት ክረምቶች ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ወስዷታል። እርስዎ ባይነቀንቁ አይወስዳትም ነበር።»

ተርኪያ የተባለውን ከዱጃ አፍ ላይ አንብባ የእህቷን ልጅ ሻሽ በመዳፏ አስተካከለችና ድገመው አለች። ሻዝሊ ከመጀመሪያው መለሰው። ዱጃ ቃሉን ይዛዋለች። ምብሩካ አፏን ስትከፍት አክስትየው ዝም አለች፣ ልጅቱ ጀመረች፤ ከእናቷ ከንፈር በግማሽ ትንፋሽ ብቻ ዘግይታ፣ በከተማ አነጋገር ሳይሆን ቱኒስ ከገባች ወዲህ በማንም ፊት ተናግራው በማታውቀው በዚያ በተራራው አነጋገር፣ ከእናቴ ነው የተማርኩት አለች። ስለ ጭቃው፣ ስለ ሐሙሱ፣ ስለ ጥርስ ነቃዩ ተናገረች። ዳቦው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ምብሩካ ግን ስለማትጠብቅ ሮጣ ደረሰችባት። አልሸጥኳትም አለች። የጎረቤቷ ባልዲ ዝም ብሏል። ተርኪያ አንዴ የሟቿን አፍ፣ አንዴ የልጅቱን አፍ ታያለች፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ጣቷ ጉልበቷን መታ ያደርጋል።

«በበራቸው ስታልፍ እያት» አለች ዱጃ። «ግባ አላልኩህም። እያትና እለፍ። የሚያያት ሰው እንዳለ ልወቅ።» እዚህ ላይ ምብሩካ ለአፍታ ዝም ብላ ከካሜራው ጎን ያለውን ሰው ትጠብቃለች። ዱጃም ከምስሉ ዞር ብላ ሻዝሊን አየችው።

ሻዝሊ አንገቱን አልነቀነቀም።

«እሺ» አለ፣ ድምፁን አውጥቶ።